ሥራዬን ለቅቄ አዲሱ ባንድ ውስጥ ልግባ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ የምኖር የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ቀን በአንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት እየሠራሁ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ ሆቴል ኪቦርድ እጫወታለሁ። አንድ ባለሀብት ከሦስት ሆቴሎች ባንዶች ጎበዝ ያላቸውን አራት ሙዚቀኞች መርጦ አዲስ ባንድ ሊያቋቁም ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ውሉ የሁለት ዓመት ሲሆን ወርኃዊ ደመወዝ አለው፤ ነገር ግን ለሌላ ለማንም መጫወት አይፈቀድም። ለጥር ትልቅ ዝግጅት ፖስተር ታትሟል። ልምምድ ገና አልጀመርንም። የቢሮ ሥራዬን ልልቀቅ?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ዓይኔ የቆመው «ልምምድ ገና አልጀመርንም» በሚለው ላይ ነው። ፖስተሩ ግን ታትሟል! ይህ ቅደም ተከተል ከአንቺ እጅግ የገነኑ ሰዎችን በአንድ ክረምት በትኗል፤ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ክሪም የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1968 ለንደን ውስጥ ተሰናብቶ ተበተነ። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ጩኸቱና ጠቡ አድክሞት ስለነበር፣ ትራፊክ ከሚባለው ባንድ ከወጣው ከስቲቭ ዊንውድ ጋር ቤት ውስጥ ለራሳቸው ደስታ ብቻ መጫወት ጀመሩ። የክሪም ከበሮ መቺ ጂንጀር ቤከር ሳይጠራ መጥቶ ተቀላቀላቸው። ክላፕተን ያው የክሪም ሕይወት ሊመለስ ነው ብሎ ሠጋ፤ ዊንውድ ግን ቤከርን ፈለገው፤ ክላፕተንም ዝም አለ። ቤዝ ተጫዋቹ ሪክ ግሬች ደግሞ ፋሚሊ የተባለውን ባንዱን በአሜሪካ ጉዞው መካከል ጥሎ መጣ። ስማቸውን ብላይንድ ፌይዝ አሉት።

እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1969 (በእኛ ግንቦት 30 ቀን 1961 ዓ.ም.) ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በነጻ ባቀረቡት የመጀመሪያ ኮንሰርት ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ተገኘ። የራሳቸው ዘፈን ግን ገና ጥቂት ነበር። ወዲያው ወደ ስካንዲኔቪያ፣ በጁላይ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ አልበማቸው ገና ገበያ ላይ አልዋለም። ተመልካቹ የሚያውቀውን የክሪምንና የትራፊክን ዘፈን ሲጠይቅ እነርሱም እጅ እየሰጡ ተጫወቱለት። ክላፕተን ከራሱ ጓደኞች ይልቅ መድረክ ከሚከፍቱላቸው ከዴላኒና ቦኒ ጋር መዋል አበዛ። ኦገስት 24 ሆኖሉሉ ላይ የመጨረሻውን ተጫውተው ተለያዩ። ስድስት ዘፈን የያዘው ብቸኛ አልበማቸው በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ ደረጃ ሲይዝ ባንዱ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ብዙዎች ውድቀቱን በጠባያቸው ያሳብባሉ። እኔ ግን ዋናውን ጥፋት የማየው ቀጠሮው ከሥራው መቅደሙ ላይ ነው። ክላፕተን ጸጥ ያለ ነገር ፈልጎ ነበር፤ አዘጋጆቹ ደግሞ ትልልቅ አዳራሾችን። ማን ምን እንደሚፈልግ በግልጽ የተነጋገሩ አይመስልም።

ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ፣ የጥር ወሩ ዝግጅት ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ይታየኛል። እያንዳንዳችሁ ከየሆቴላችሁ የምትታወቁበት ዘፈን አለ፤ ታዳሚው የሚጠይቀው እርሱን ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪኛ ማስጨፈር በሚጠበቅበት ከተማ፣ አራት ሰዎች ያለ ልምምድ የሚስማሙት በቆዩት ዘፈኖች ላይ ብቻ ይሆናል። አዲሱ ባንድ ታዲያ ምኑ አዲስ ነው? ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ዝግጅት የሚሞላ፣ በእናንተ አቀናባሪነት የተሠራ ሥራ እስኪኖራችሁ ድረስ ቢሮሽን አትልቀቂ። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት እንኳ ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጥሻል፤ ለልምምዱና ለጥር ወሩ ዝግጅት ተጠቀሚበት። ከለቀቅሽም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለብሽ አትርሺ። የሆቴሉንም ባንድ እንደ ግሬች መንገድ ላይ አትተዪው፤ የዚህ ሙያ ሰዎች በከተማችን እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

ደመወዙን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ይከፈላል? ጥርና ሚያዝያ ሠርግ ስላለ ለሙዚቀኛ የጥጋብ ወራት ናቸው፤ ጾሙ ሲገባ ግን መድረኩ ይቀዘቅዛል። ውሉ በዝምታ ካለፈው፣ «ለሌላ ለማንም አለመጫወት» የሚለው አንቀጽ ሥራ በሌለበት ወር እጅሽን አስሮ ያስቀምጥሻል ማለት ነው። ዜማና ቅንብር ላይ የማን እጅ እንዳለበትም ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ በጽሑፍ ያዙ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ (410/1996) ለደራሲም ለተጫዋችም መብት ይሰጣል፤ ክርክር ሲነሣ ግን ማስረጃ ይጠየቃል።

ዕድሜ ማጠር በራሱ ነውር እንዳልሆነም ልጨምር። በዚሁ በድሬዳዋ የተቋቋመው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን አፍረን ቀሎ በዘመኑ መንግሥት ታግዶ ሳይቆይ ቀረ፤ ዓሊ ቢራን የመሰለ ድምፃዊ ያፈራው ግን እርሱ ነው። የብላይንድ ፌይዝም አባላት ሥራ አላጡም፤ ብዙ ሳይቆይ ክላፕተን ዴሬክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ የተባለውን ባንድ መሠረተ፣ ዊንውድ ትራፊክን እንደገና አስነሣ፣ ቤከርም የራሱን ባንድ አቋቋመ። እነርሱ ግን ወድቀው የሚያርፉበት ስም ቀድሞ ነበራቸው። አንቺ ለጊዜው ያለሽ ማረፊያ የሂሳብ ሙያሽ ነው።

በዚህ ሳምንት አራታችሁ ያለ ባለሀብቱ ተቀመጡና እያንዳንዳችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ የት መሆን እንደምትፈልጉ ተናገሩ፤ አንዱ አዲስ አበባ የመሄድ ሐሳብ ካለው አሁን ይውጣ። ከዚያ ዝግጅቱ ወደ ሚያዝያ እንዲገፋ ባለሀብቱን ጠይቁት። ፖስተር እንደገና ማሳተም ብዙ ወጪ አይደለም። የውሉን ረቂቅ ከላክሽልኝ ያንን የእገዳ አንቀጽ አብረን እናየዋለን።