ሥራውን ልተወው ወይስ ልቀጠር?

ጥያቄው፦ "የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ስለ ፈጠራና ሥራ ፈጣሪነት የተጻፈ የቢዝነስ መጽሐፍ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ተማሪዎችን ከአስጠኚዎች ጋር የሚያገናኝ አፕ መሥራት እፈልጋለሁ። በሌላ በኩል አንድ ድርጅት ሊቀጥረኝ ተስማምቷል። መጽሐፉ ካልደፈርሽ አታገኚም ነው የሚለው። ሥራውን ልተወው?"

እህቴ፣ ሳላንዛዛ ልመልስልሽ። ሥራውን ተቀበዪ። ሐሳብሽንም አትጣዪው። ሁለቱ አይጣሉም።

መጽሐፍ አንብበሽ እንዲህ መነሳሳትሽ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አስቢ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጻፈው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጸሐፊው መጨረሻውን ያውቃል፤ ባለታሪኩ ያኔ አያውቅም ነበር። ደፍረው የከሰሩትን ደግሞ ማን ይጽፍላቸዋል? ስለዚህ ድፍረቱን ለጊዜው ተይውና ሰዎቹ ቁጭ ብለው ምን ይሠሩ እንደነበር ተመልከቺ።

ቢሮ ውስጥ የሚለጠፈውን ቢጫ ወረቀት፣ ፖስት-ኢትን ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1968 ስፔንሰር ሲልቨር የተባለ የ3ኤም ኩባንያ ኬሚስት ጠንካራ ማጣበቂያ ልሥራ ብሎ ደካማ ወጣለት። ይይዛል፣ ግን በቀላሉ ይላቀቃል። ለምን እንደሚሆን ስላላወቀ ለባልደረቦቹ እያሳየ ዓመታት ቆየ። በ1974 አርት ፍራይ የተባለ የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ፣ በመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ለምልክት የሚያስቀምጣቸው ወረቀቶች እየወደቁ አስቸገሩት። የሲልቨር ማጣበቂያ ትዝ አለው። እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል፤ ግን አላለቀም። በ1977 በአራት ከተሞች ለሽያጭ ሲቀርብ ብዙም ገዢ አላገኘም። ሰው ተጠቅሞበት የማያውቀውን ነገር ለምን ይግዛ? በማግስቱ ዓመት በአሜሪካ ቦይዚ ከተማ በነጻ አደሉት። ከሞከሩት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንገዛለን አሉ። በመላ አገሪቱ ገበያ ላይ የዋለው በ1980 ነው።

ልብ በዪ፤ 12 ዓመት ነው። ሁለቱም ሰዎች ደግሞ ደሞዝተኞች ነበሩ። ኩባንያው ሠራተኞቹ ከሥራ ጊዜያቸው 15 በመቶ ያህሉን የራሳቸውን ሐሳብ እንዲሞክሩበት ይፈቅድ ነበር። መቀጠር ፈጠራን ይገድላል የሚል ሰው ይህን ታሪክ እንዴት ያደርገዋል?

የሥራ ፈጣሪው የኒክ ስዊንመርን ታሪክ ደግሞ ላንቺ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጫማ በኢንተርኔት ልሽጥ አለ። መጋዘን አልተከራየም፣ ጫማም አላከማቸም። ጫማ ቤት ገብቶ ፎቶ አነሳና ድረ ገጽ ላይ ለጠፈው። ሰው ሲያዝ ሄዶ በሱቁ ዋጋ እየገዛ ይልክ ነበር። ትርፍ የለውም። እሱ ግን የፈለገው ሰው እግሩ ላይ ሳይለካው ጫማ ይገዛል ወይ የሚለውን ማወቅ ነበር። በኋላ ያ ሥራ ዛፖስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ሆነ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አፑን አሁን አትሥሪው። ስልክና ቴሌግራም ይበቃሻል። ጥቂት ቤተሰቦችንና ጥቂት አስጠኚዎችን ራስሽ አገናኚ፤ ለአገልግሎትሽም አስከፍዪ። "ይህ አፕ ቢኖር ትጠቀማላችሁ?" ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ላለማስቀየም አዎ ይልሻል። ከዚያ ይልቅ ባለፈው ጊዜ አስጠኚ ያገኙት እንዴት እንደሆነ፣ ስንት እንደከፈሉ፣ ምን እንዳስመረራቸው ጠይቂ።

የሥራሽ ዋናው ፈተና ግን ማገናኘቱ አይመስለኝም። ከተገናኙ በኋላ ያለው ነው የሚያሳስበኝ። ቤተሰቡና አስጠኚው ከተዋደዱ ስልክ ይለዋወጣሉ። በሁለተኛው ወር አንቺን ምን ያደርጉሻል? ኮሚሽንሽን ለሁለት ተካፍለውት ይቀራሉ። ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ቢዝነስ ብዙውን ጊዜ ይህ ችግር አለበት፤ አፑ የቱንም ያህል ቢያምር አይፈታውም። ስለዚህ አንቺ በመሃል ስትቆዪ ምን ትጨምሪላቸዋለሽ? አስጠኚው ሲቀር የሚተካ ሌላ ሰው? የልጁን ውጤት መከታተል? ወይስ አንዴ ብቻ አስከፍለሽ መውጣት ይሻላል? ይህን የምታውቂው ሰዎቹ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወርም በአንቺ በኩል ሲከፍሉ ወይም ሲጠፉ ነው። ለዚህ ደግሞ ማታና ቅዳሜ እሑድ ይበቃል።

ከመጀመርሽ በፊት ታዲያ ቁጥር ጻፊ። ስንት ደንበኛ በድጋሚ ከከፈለ ትቀጥያለሽ? ከስንት ካነሰ ታቆሚያለሽ ወይም ሐሳቡን ትቀይሪያለሽ? ቀድመሽ ካልጻፍሽው የመጣው ውጤት ሁሉ ጥሩ ይመስልሻል። ከሥራ ለመልቀቅም እንደዚሁ፤ ደንበኞችሽ ስንት ሲደርሱና ስንት ወር የሚያኖር ቁጠባ ሲኖርሽ እንደሆነ ወስኚ።

በሚቀጥርሽ ድርጅት ውስጥ የመምረጥ ዕድል ካገኘሽ ደንበኛ ወደሚገኝበት ክፍል ሂጂ። ሽያጭ ወይም የደንበኞች አገልግሎት ይሁን። ሰው ሲያማርር መስማት ላንቺ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የድርጅቱን ኮምፒውተርም ሆነ የሥራ ሰዓት ግን ለራስሽ ሥራ አትንኪ።

ውሉን ሳትፈርሚ ደግሞ ሁለት አንቀጽ ፈልጊ። አንዱ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሌላ ሥራ መሥራትን ይከለክላል ወይ? ሌላው ተቀጥረሽ ሳለ የፈጠርሽው ነገር የማን ነው ይላል? ግልጽ ካልሆነልሽ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ፤ መልሱን ግን በጽሑፍ ይስጡሽ።