ጥያቄና መልስ፦ ስግድ፣ ፋሲካና የቤተ እስራኤል ሥርዓት

መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምመልሰው ስለ በዓላትና ስለ አምልኮ ሥርዓት ነው። ስትጠይቁ የአባቶችን ሥርዓት፣ ማለትም ቄሶቻችን በጎንደርና በትግራይ ይዘውት የቆዩትን ነው ወይስ የረቢዎቹን፣ የሌላው ዓለም አይሁድ መምህራንን፣ ለዩልኝ። ሁለቱ በብዙ ቦታ አይገናኙም። ቀላቅሎ የጠየቀ ቀላቅሎ ነው የሚያከብረው።

የሎድ ልጅ፦ መምህር፣ በ2019 ዓ.ም. ስግድ መቼ ነው? በየዓመቱ የተለያየ ቀን እሰማለሁ።

መምህር፦ ስግድ፣ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል፣ በአይሁድ አቆጣጠር ሄሽቫን በሚባለው ወር 29ኛው ቀን ነው። ኅዳር 29 አይደለም! አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ አስተስርዮ፣ ረቢዎቹ ዮም ኪፑር የሚሉት፣ ከሄሽቫን በፊት ባለው ወር፣ ቲሽሬ 10 ይውላል። ያንን ቀን ራሱን አንድ ብላችሁ ጀምሩ። ቲሽሬ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ከ10 እስከ 30 ያለው 21 ቀን ነው፤ የሄሽቫን 29 ሲጨመርበት 50 ይሞላል። ብዙ ሰው ከአስተስርዮ ማግስት ስለሚጀምር በአንድ ቀን ያልፋል።

ማረጋገጫም አለው። ከአስተስርዮ እስከ ስግድ ልክ ሰባት ሳምንት ስለሆነ ሁለቱ ሁልጊዜ በአንድ ዕለት ይውላሉ። በ2019 አስተስርዮ ሰኞ መስከረም 11 ነው፤ ስለዚህ ስግድ ሰኞ ጥቅምት 30 ይሆናል። የእናንተ ሒሳብ ማክሰኞ ካወጣ ስታችኋል። በረቢዎቹ አቆጣጠር አስተስርዮ እሑድ፣ ማክሰኞና ዓርብ ስለማይውል ስግድም በእነዚህ ቀናት አይውልም። ቅዳሜ ሲውል ግን ሰንበት እንዳይሻር ወደ ሐሙስ ይቀደማል። በ2017 ቀኑ ቅዳሜ ኅዳር 21 ላይ ስለወደቀ ሐሙስ ኅዳር 19 ተከበረ።

ሚሚ ከአሽዶድ፦ ልጆቼን ለመጀመሪያ ጊዜ ልወስዳቸው ነው። ምን ምን ይደረጋል? ድንጋይ መሸከም አለባቸው?

መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዋዜማው ገላ ይታጠባል፣ ልብስ ይታጠባል፤ በበዓሉ ቀን የሚለበሰው ንጹሕ ነው፣ ብዙዎች ነጭ ይለብሳሉ። ጠዋት በጾም ነው የሚወጣው። ቄሶቹ ኦሪቱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው ከፊት ይሄዳሉ፣ ሕዝቡ ይከተላል። በጎንደር ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ አምቦበር ነበር። በእስራኤል ደግሞ ኢየሩሳሌም ላይ የመቅደሱ ተራራ ወለል ብሎ ከሚታይበት ከአርሞን ሀናጺቭ መናፈሻ ነው የሚወጣው። በ2008 እንደ ፈረንጆቹ የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ አጽድቆታል።

ላይ ከተደረሰ በኋላ ጸሎቱ በግዕዝ ነው። ከሚነበቡት ውስጥ ዘጸአት 19 እና 20፣ በሲና ሕጉ የተሰጠበት፣ እንዲሁም ነህምያ 9፣ ሕዝቡ ጾሞ ኃጢአቱን የተናዘዘበት ይገኛሉ። ንባቡ በአማርኛና በትግርኛ ይተረጎማል። ለልጆቹ ሁለቱን ምዕራፎች ቀደም ብለሽ አንብቢላቸው፤ አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ የማይገባቸውን ድምፅ ሲሰሙ ይውላሉ።

ድንጋይ ተሸክሞ መውጣት የትሕትና ምልክት ነው፤ የአባቶች ልማድ ነው፣ ልጆች አይገደዱም። ጾሙም እንደ አስተስርዮ ከማታ እስከ ማታ አይደለም። ቄሶቹ ጸሎቱን ጨርሰው ሕዝቡ ከወረደ በኋላ ከሰዓት በኋላ ይፈታል፣ ከዚያ ዳቦ፣ መብል፣ ዘፈንና እስክስታ ነው። ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ንባቡ ሳያልቅ ወርዶ ምሳውን ይበላል፣ የመጣው ለጭፈራው ይመስል።

ተስፋ 07፦ ስለ አይሁድ እምነት በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መምህር፦ በአጠቃላይ የሚባል ጥያቄ የለም። አንድ ነገር ይምረጡና ይጠይቁ።

ኪርያት ጋት፦ ጤፍ ሐሜጽ፣ በፋሲካ የሚከለከል የቦካ እህል፣ ነው ወይስ አይደለም? በፋሲካ እንጀራ መብላት ይቻላል?

የቦሌው፦ በእርሾ ይቦካ የለ እንዴ? ከቦካ ሐሜጽ ነው። ይሄ ምን ያከራክራል?

ኪርያት ጋት፦ ረቢያችን ግን ጤፍ ከአምስቱ እህሎች ውስጥ አይደለም ብለውናል።

የቦሌው፦ የእናንተ ረቢ ጤፍ አይቶ ያውቃል?

ኪርያት ጋት፦ አንተስ ፋሲካ አክብረህ ታውቃለህ?

መምህር፦ ይብቃችሁ። ሁለታችሁም የምትናገሩት ስለ ተለያየ ሥርዓት ነው፣ ገና ስንጀምር ያስጠነቀቅኩት ይህንን ነው።

በረቢዎቹ ሕግ ሐሜጽ የሚሆነው ከአምስት እህሎች የተሠራ ብቻ ነው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃና ዘመዶቻቸው። ጤፍ እነዚህ ውስጥ የለም፣ ቢቦካም ሐሜጽ አይባልም። አሽከናዚዎች፣ የአውሮፓ አይሁድ፣ ግን ሩዝንና ባቄላን የመሳሰሉትንም ስለሚከለክሉ፣ ያላችሁበት ማኅበር የነሱን ልማድ የሚከተል ከሆነ መጀመሪያ ረቢውን ጠይቁ። ችግሩ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። ወፍጮው ስንዴና ገብስም የሚፈጭ ከሆነ ይቀላቀላል። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት አለበት፤ ካለበት ያለ ጥርጥር ሐሜጽ ነው። እርሾውም ካለፈው ሊጥ የመጣ ነው፤ ያኛው ስንዴ ከነበረበት ይኼኛውም ተበላሽቷል ማለት ነው።

በአባቶች ሥርዓት የእህሉ ዓይነት አይጠየቅም። የቦካና የኮመጠጠ ነገር ሁሉ ለሰባት ቀን ከቤት ይወጣል፤ እንጀራ፣ ጠላ፣ እርሾ፣ የረጋ ወተትም ጭምር። የሚበላው ትኩስ ቂጣ ነው። ስለዚህ «አባቶቻችን እንጀራ አይበሉም ነበር» የሚለውም፣ «ጤፍ ሐሜጽ አይደለም» የሚለውም ልክ ነው።

ኪርያት ጋት፦ ታዲያ በፋሲካ ሌሊት የጤፍ ቂጣ በማጻ፣ በዚያ ሌሊት መበላት ባለበት ያልቦካ ቂጣ፣ ፈንታ ይሆናል?

መምህር፦ አይሆንም። ማጻ ሐሜጽ ሊሆን ከሚችል እህል መሆን አለበት፤ ሐሜጽ ሊሆን የማይችል እህል ግዴታውን አያስፈጽምም። ዱቄቱን ውኃ ከነካው ጀምሮ ሳይታሽ ከ18 ደቂቃ በላይ እንዲቆይ አይፈቀድም፣ ውኃውም ያደረና የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ሙቅ ውኃ ሊጡን ቶሎ ያቦካዋል። ቤት ውስጥ አትሞክሩት፣ ግዙ።

ደብረ ታቦር፦ የቤተ እስራኤል ኦሪት ከቤተ ክርስቲያኑ የተለየ ትርጉም ነው ይባላል።

ሰንበት፦ አዎ፣ ከዕብራይስጥ በቀጥታ የተተረጎመ ነው። አያቶቻችን የነገሩን እንዲህ ነው።

መምህር፦ አይደለም። የግዕዙ ንባብ ያው ነው፣ ለብቻው የተተረጎመ ኦሪት የለም። በአያት አይማልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። መጽሐፉ እንደ ረቢዎቹ የሚጠቀለል አይደለም፣ የተጠረዘ ብራና ነው። ውስጡም ስምንት መጽሐፍ አለ፤ አምስቱ የሙሴ፣ ከዚያ ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት።

ሰንበት፦ ይህን ማለት ማንነታችንን መካድ አይሆንም?

መምህር፦ አይሆንም። ቀጣይ።

የቦሌው፦ የመጡት ከዳን ነገድ ነው ወይስ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር?

መምህር፦ ዛሬ የዘር ሐረግ አንቆጥርም። ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 እንደ ፈረንጆቹ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው የወሰኑት በ16ኛው መቶ ዘመን በረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ፍርድ ላይ ተመሥርተው ነው። ይኸው ነው።

ናዝሬት፦ የሰባቱ ሱባኤ በዓል፣ ሻቩዖት፣ ቄሶቹና ረቢዎቹ ለምን በተለያየ ቀን ያከብሩታል?

መምህር፦ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ዘሌዋውያን 23፡15-16 «ከሰንበት ማግስት» ጀምራችሁ 50 ቀን ቁጠሩ ይላል። ረቢዎቹ «ሰንበት» የሚለውን የፋሲካ የመጀመሪያ ቀን አድርገው ከፋሲካው ወር ከኒሳን 16 ይጀምራሉ። ኒሳን 30 ቀን ነው፣ እስከ መጨረሻው 15 ቀን፤ ቀጣዩ ወር ኢያር 29 ቀን፣ ተደምሮ 44፤ ከሚከተለው ወር ስድስት ሲጨመር ሲቫን 6። ቄሶቻችን ከፋሲካ ፍጻሜ ማግስት፣ ከኒሳን 22 ይጀምራሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ 9 ቀን፣ ከኢያር ጋር 38፣ አስራ ሁለት ሲጨመር ሲቫን 12። ሁለቱም 50 ነው። «አባቶች ቆጠራ ተሳስተው ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አሳዩት።

የሎድ ልጅ፦ ስግድ ቅዳሜ ከዋለስ?

መምህር፦ ከላይ ተጽፏል። አንብብ።

አስቴር፦ ሰንበት ላይ ቡና እንዴት ይጠጣል? እናቴ ያለ ቡና አይሆንላትም።

መምህር፦ በረቢዎቹ ከሆነ ጀበናው ዓርብ ሻማ ሳይበራ ተፈልቶ ያልቃል፤ ሻማ የሚበራው ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ በፊት ነው፣ በኢየሩሳሌም 40። ከዚያ ወደ ፔርሙዝ ይገለበጣል፣ አተላው ግን አይግባ። ሰንበት ላይ የተፈጨ ቡና ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ እንደ ማብሰል ይቆጠራል። ከፍሪጅ የወጣ ወጥም ፕላታ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው፣ ላይ አይጣድም፣ ፈሳሽ ነውና። እንጀራ ደረቅ ስለሆነ አይከለከልም። በአባቶች ሥርዓት እሳት ራሱ ስለማይኖር የሚበላውም የሚጠጣውም ቀዝቃዛ ነው። እናትሽ የትኛውን እንደያዙ ጠይቂያቸው።

ተስፋ 07፦ ሃይማኖቴን ለመቀየር ምን ላድርግ?

መምህር፦ የረቢዎች ፍርድ ቤት ይሂዱ። እዚህ አይሆንም።

ሲያትል፦ ኮሸር፣ በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ ክትፎ መሥራት ይቻላል?

መምህር፦ በቅቤ አይቻልም፣ ሥጋና ወተት ነው። ዶሮ ወጥም በንጥር ቅቤ በረቢዎቹ ዘንድ ክልክል ነው፤ በዘይት ሥሩት። በዘይት ለብለብ ልታደርጉት ከሆነ ደግሞ የሥጋው ደም አስቀድሞ በጨው መውጣት አለበት፣ ሙቀት ደሙን ስለሚያንቀሳቅሰው። ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በሁሉም ጎኑ ጨው ተነስንሶበት ደሙ በሚወርድበት ዘንበል ያለ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ በመጨረሻም ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ጨው መካከለኛ ይሁን፤ የደቀቀው ሟሙቶ ደም አያወጣም፣ ትልልቁ ይራገፋል። ጉበት በጨው ብቻ አይሆንም፣ በእሳት ላይ መጠበስ አለበት። ኮሸር ሥጋ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ደሙ በጨው የወጣለት ነው፣ ሻጩን ጠይቁ።