በገና ቡና ላይ የተፈረመው ወረቀትና የሟች ወንድም ልጅ ድርሻ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አምስት ወንድምና እህት ነን። አባታችን የሞተው ልጆች ሳለን ነው፤ ቤቱን እማዬ ከዚያ በኋላ ጠላ እየሸጠች ሠርታ ካርታውን በስሟ አወጣች። ያለፈው ዓመት ከበደብን። በሚያዝያ ሦስተኛው ወንድማችን የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ትቶ አረፈ። በሐምሌ ትንሹ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ እማዬ ታማ ተኝታም ቢሆን ጋውኑን ለብሶ አየችው። በነሐሴ እሷም ሄደች። ለገና እንደ ወጋችን ተሰበሰብን፤ ለዓረፋ እኛ የምንሄድላት ሙስሊሟ አክስታችንም ነበረች። ሁሉም የዓመቱን ሲያወራ ተለቀሰም፣ ተሳቀም። ቶናው ላይ ታላቅ ወንድማችን «እማዬን የጦርኳት እኔ ነኝ፤ ቤቱ በእኔ ስም ይዙር፣ ለበዓል መሰብሰቢያችሁም ይሆናል» አለ። ወረቀት ተጻፈ፣ ፈረምን፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ጅዳ ያለችው እህታችን በስልክ «እሺ» አለች። የሟቹ ልጅ ግን ስሟም አልተነሣ፤ «አባቷ ከእማዬ ቀድሞ ስለሞተ አይደርሳትም» ተባለ። እማዬ ደግሞ በታመመች ጊዜ «ቤቱ ለትንሹ ነው» ስትል ሁለት ጎረቤቶች ሰምተዋል። ተሁለደሬ ያላት የእርሻ መሬትም አለ። ወረቀቱ ያስረናል?

መልስ፦ በአንድ ዓመት ሁለት ሐዘን ለተሸከመ ቤተሰብ መጽናናቱን ይስጣችሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ ልቤን የያዘችው ስሟ ያልተነሣው ልጅ ናትና ከእሷ ልጀምር።

«አባቷ ቀድሞ ስለሞተ አይደርሳትም» የሚለውን ቃል በሽምግልና ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስህተት ነው፤ ብዙ ወላጅ አልባ ልጆችንም ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች ቀዳሚ ወራሾች እንደሆኑና እኩል እንደሚካፈሉ ይደነግጋል። ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ተወላጅ ትቶ እንደሆነ፣ ተወላጁ በአባቱ ወይም በእናቱ ቦታ ተተክቶ ይወርሳል። ቤቱ አምስት እጅ ከሆነ አንዱ እጅ የልጅቷ ነው፤ ከእርስዎም ከታላቅ ወንድምዎም እኩል። ወንድማችሁ ከእናታችሁ በኋላ ቢሞት ኖሮ ደግሞ ድርሻው መጀመሪያ ለእሱ ደርሶ ከእሱ ወደ ልጁ ያልፍ ነበር። በየትም ቢኬድ እሷን የሚዘል መንገድ የለም።

18 ዓመት እስኪሞላት አሳዳሪዋና ሞግዚቷ እናቷ ናት። እናቷም ብትሆን የልጅቷን የቤት ድርሻ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አሳልፋ መስጠት አትችልም። አጎትና አክስትማ ስለ እሷ ምንም ሊፈርሙ አይችሉም።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የቤት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ያዛል። «ድርሻችንን በስጦታ ነው የሰጠነው» ቢባልም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በአንቀጽ 2443 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን (ተጽፎ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የሚፈረመውን) ፎርም ካልተከተለ ዋጋ የለውም። ከዚህ ላይ ሁለት ወራሾች ጎድለዋል። የጅዳዋ እህትዎ የስልክ «እሺ» ፊርማ አይተካም፤ ፈቃዷ እውነተኛ ከሆነ እዚያው ጅዳ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ውክልና ሰጥታ መላክ ትችላለች። በእኔ እምነት ይህ ወረቀት የቤቱን ስም ለማዞር አያበቃም። ግን ቀድዳችሁ አትጣሉት፤ የእናታችሁን የቤት ዕቃና ወርቅ ተካፍላችሁበት ከሆነ በፈረሙት መካከል ማስረጃነቱ ይቀራል።

እናታችሁ ለትንሹ የተናገሩት ቃል ያሳዝነኛል፤ የእናት ቃል ነውና። ሕጉ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚደረገውን የቃል ኑዛዜ ያውቀዋል፤ የሚፈቅደው ግን ስለ ቀብር ሥርዓት መናዘዝን፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት መምረጥንና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው (አንቀጽ 892 እና 893)። ቤት በቃል ኑዛዜ አይሰጥም። ተጽፎ፣ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ሁሉም ፈርመውበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ታላቅ ወንድምዎን መቀየም አይገባም። ታማሚ እናትን ማንሣትና ማስተኛት ምን እንደሆነ ያደረገው ያውቀዋል። ይሁንና ኑዛዜ በሌለበት ጧሪነት የልጅን ድርሻ አያሳድግም። ለቀብር ከኪሱ ያወጣው ካለ ግን እንደ እናታችሁ ኑሮ ደረጃ ተገቢ የሆነው ወጪ ከውርሱ ላይ በቅድሚያ ይከፈላል፤ የተዝካር ወጪ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ድካሙን ሌሎቻችሁ በፈቃዳችሁ፣ ከየራሳችሁ ድርሻ ልትክሱት ትችላላችሁ። ከልጅቷ ድርሻ ግን አይነካም።

የተሁለደሬውን መሬት ከቤቱ ጋር በአንድ ወረቀት አትቀላቅሉት። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ወደ ወራሽ የሚያልፈው የይዞታ መብቱ ሲሆን የሚመራውም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። የውርስ ቅደም ተከተሉም የተለየ ስለሆነ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርባችሁ ለብቻው ጠይቁ።

አሁን ምን ይደረግ? እኔ ብሆን ክስ አላስቀድምም። ወሎ አባጋር፣ ማለትም አስታራቂ ሽማግሌ፣ ያስታረቀው አገር ነው፤ ሕጉም ቢሆን እርቅን ውል አድርጎ ይቀበላል። እነዚያው የመረቁት ሽማግሌዎች እንደገና ይጠሩ፤ ሙስሊሟ አክስታችሁም ትምጣ፤ በዚህኛው ቡና ግን የልጅቷ እናት ትቀመጥ። ድርሻዋ እንደታወቀ ቤቱን ሳትሸጡ በጋራ ማቆየት ትችላላችሁ፤ ታላቁ እየኖረበት ለሌሎቻችሁ የሚገባችሁን ኪራይ ሊያስብ ይችላል፤ ወይም ሌሎቻችሁን በገንዘብ ይክሳል። የልጅቷን ድርሻ የሚነካው ስምምነት በፍርድ ቤት ይጽደቅ።

ከዚያ በፊት ግን በአንቀጽ 996 መሠረት የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ደሴ ፍርድ ቤት ያመልክቱ፤ በማመልከቻው ላይ አምስቱም ስም ይጻፍ። ታላቅ ወንድምዎ ልጅቷን ሳይጠቅስ ቀድሞ አውጥቶት ከሆነ እናቷ መቃወሚያ ማቅረብ ትችላለች። አትዘግይ፤ ከወራሽነት ውጭ ንብረቱን በያዘ ሰው ላይ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ጠያቂው መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ሊታገድ ይችላል (አንቀጽ 1000)። ወደ ፍርድ ቤቱ ስትሄዱ የእናታችሁን ብቻ ሳይሆን የወንድማችሁንም የሞት ማስረጃ፣ የልጅቷንም የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ።