የ5ኤል ካምሻፍትና ታይሚንግ፦ ሞተሪኖ ከመንካትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር። ሞተር ያወረደ ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር አውቃለሁ።

«ወልድያ ነኝ፤ የናፍታ ሚኒባሴ ሞተር ወርዶ ቴስታታው ከቶርኖ ቤት ተመልሷል፤ ካምሻፍት ስንገጥምና ታይሚንግ ስናስር ምን እንጠንቀቅ?» ነው ጥያቄህ። ለማያውቅ አንባቢ፦ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ካምሻፍት እዚያ ላይ ተኝቶ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው፤ ክራንክ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት የታችኛው ዘንግ ነው። ታይሚንግ ማሰር ሁለቱ ተግባብተው እንዲዞሩ በቺንጋ፣ ጥርስ ባለው ቀበቶ፣ ማያያዝ ነው። ቶርኖ ቤት ብረት የሚሞረድበት፣ ሞተሪኖ ደግሞ ሞተር ማስነሻው ነው። የመለሱልህን አነበብኩ። አንዱ «ጥሩ መካኒክ ያዝ» ይላል። ሌላው «ሽጠህ ተገላገል» ይላል። ኧረ በአላህ፣ ይሄም መልስ ሆኖ ተጻፈ።

የሞተሩን ዓይነት አልነገርከንም። እኛ አገር ናፍታ ሚኒባስ ከተባለ ዶልፊን ነው፤ ዶልፊን ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የቶዮታ 5ኤል ነው ብዬ ልያዘው። የኔም እሱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ እሠራበታለሁ፤ ሰኞ ሲሆን ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። የሀረጎን ዳገት ሲወጣ ሲወርድ ስንት ዓመቱ። ፋሻና ብሮንዚና ላይ አልገባም፤ ያንን አልፈኸዋል። በቀጥታ ወደ ቴስታታው።

1. ቴስታታውን ስትረከብ ካምሻፍቱን ከላይ የሚይዙትን ካፖች አንድ በአንድ እያቸው። ቁጥርና ቀስት አላቸው። ቁጥሩ በተራው ይገባል፤ ቀስቱ ወደ ፊት፣ ወደ ቺንጋው በኩል ያያል። ለዓይን ሁሉም አንድ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ካፕ የተቦረቦረው ከቴስታታው ጋር ታስሮ በራሱ ቦታ ላይ ነው። ካቀያየርከው ወይ ካምሻፍቱን ይነክሰዋል፣ ወይ ይለቅና ዘይት ያፈሳል።

የኔ ቶርኖ ቤት ምን እንዳደረገ ልንገርህ። ስሙን አልጠራም፤ ደሴ ነው። ካፑን፣ ቡሎኑን፣ ሺሙን ሁሉ ባንድ ጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ቋጥሮ ሰጠኝ። ሽንኩርት የገዛሁ ነው የመሰለኝ። «ቅደም ተከተሉስ?» ስለው «መካኒክህ ያውቀዋል» አለኝ። ዓይኑን ከስልኩ እንኳ አላነሳም። ገንዘቡን ሲቆጥር ግን ሁለቴ ነው የቆጠረው።

ካፖቹስ ቁጥር አላቸው። ያቃጠሉኝ ሺሞቹ ናቸው። ካምሻፍቱ ቫልቩን ሲገፋ የሚጫናት ያቺ ክብ ብረት ማለቴ ነው። እያንዳንዷ ውፍረቷ ለራሷ ቫልቭ የተመረጠ ነው። ቫልቩና መቀመጫው ሲሞረድ ደግሞ የቫልቩ እግር ወደ ላይ ከፍ ይልና ክፍተቱ ይጠባል። ስለዚህ የድሮዋ ሺም በቦታዋ ብትመለስም ልክ ላትሆን ትችላለች። 8ቱንም መለካት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር። በፊለር ጌጅ፣ ክፍተት በሚለካው ስስ ብረት፣ እንጂ በጣት አይለካም። «እኔ በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ገጥሞኛል፤ እሱን በኋላ አገኘዋለሁ። «ሺም ጠፋ» ብሎ በግራይንደር ልሞርድልህ የሚልህም አይጠፋም። እምቢ በለው። ላይዋ ላይ ያለው ጠንካራ ፊት ከተነሳ በወራት ውስጥ ትበላለች።

2. ካምሻፍቱን ከማስቀመጥህ በፊት ክራንኩን ከጫፉ፣ 1ኛው ፒስቶን ላይ ከሚደርስበት ቦታ፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ መልሰው። 1ኛው ፒስቶን ጫፍ ላይ ሲሆን 4ኛውም ጫፍ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ካምሻፍቱን ብታጠብቅ ወይም ብታዞር ቫልቩ ወርዶ ፒስቶኑን ያገኘዋል። ይሄ ሞተር ይቅርታ አያውቅም። ሩብ ዙር ስትመልሰው አራቱም ፒስቶን መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ካምሻፍቱን እንዳሻህ ብታዞረው አይነካም። ዘይት ቀብተህ አስቀምጠው። ቡሎኑን ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለስክ አጥብቅ። መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ። አንዱን ጫፍ ጥብቅ አድርገህ ሌላውን ከተውከው ካምሻፍቱ ይቆረጣል። ብረት ነው ብለህ አትመነው፣ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበር። የፊቱን ፓራኦሊም (ዘይት የሚይዘውን ጎማ) አዲስ አድርገው፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም።

3. ታይሚንጉ። ማርኮቹ ሦስት ናቸው፦ የክራንኩ፣ የካምሻፍቱ፣ የናፍታ ፖምፓው። ሦስቱንም ታገጥማለህ፣ ቺንጋውን ታስገባለህ፣ መወጠሪያውን ትለቃለህ። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው።

እሁድ ማታ ነበር፤ 2011። በማግስቱ ባቲ ነው። የሰኞ ባቲ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ የሳምንቱ ገንዘብ እዚያ ነው ያለው። መካኒኩን «ዛሬ ካልተነሳ አልለቅህም» ብዬ ይዤዋለሁ። ልጁ ወጣት ነው። «በእጄ አውቀዋለሁ» ባይ ያልኩህ እሱ ነው። መብራት ስለሌለ በስልክ ባትሪ ነው የምናየው። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቺንጋውን አስገብቶ መወጠሪያውን ሊያስተካክል ሲነካው ካምሻፍቱ «ጠብ» ብሎ በራሱ ዞረ። የቫልቭ ስፕሪንግ ከታች እየገፋው ነው፤ ልጓም ካጣ ይዘላል። ልጁ በቁልፍ ይዞ መለሰው። ጎንበስ ብሎ ከጎን አየና «ገጥሟል» አለ። እኔም «ገጥሟል?» አልኩ። «ገጥሟል» አለ። አለቀ።

ሞተሪኖ ሲመታ «ቀጭ» ብሎ ቆመ። ድገመው አልኩ። «ቀጭ»።

እንግዲህ የመጣልኝን ጉድ ስማ። ማንም አላሳሳተኝም፣ እኔ ራሴ ነኝ። «ባትሪው ሞቷል፣ እንግፋው» አልኩ። ጋራዡ ፊት ለፊት ቁልቁለት አለ። የሰፈር ልጆች ጠራሁ። ሰባት ሆነው ገፉ። 2ኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። የኋላ ጎማው ተንሸራተተ። ከሆዱ «ጓ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ ዝም። ልጆቹም ዝም። መካኒኩ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ናፍታ በጣሳ ቀዳና እጁን መታጠብ ጀመረ። እዚያ ላይ ነው የገባኝ።

ቴስታታው ሲወርድ ከ8 ቫልቭ 5ቱ ተጣመዋል። አንድ ካፕ ተሰንጥቋል። ካምሻፍቱ ሦስት ጥርስ ዘሎ ነበር። ሦስት! በስልክ መብራት ከጎን ሲታይ ግን የገጠመ ይመስላል። 23 ሺህ ብርና ሦስት ሳምንት ነው የበላኝ። ዕቁቤን ተበድሬ ጣልኩ። ባለቤቴ እስካሁን ድረስ ስናኮርፍ «ግፉት ያልከው አንተ» ትለኛለች።

ይሄ ሳያንስ የዕቃው ጉዳይ መጣ። ቫልቭና ቺንጋ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስገዝቼ በአውቶቡስ አስላክሁ። የመልእክት መቀበያው ቢሮ ስሄድ ጸሐፊው ደረሰኙንና መታወቂያዬን ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመለከተ። ደረሰኙ ላይ «ሰይድ» ይላል። መታወቂያዬ ላይ «ሰዒድ» ይላል። «አንተ አይደለህም» አለኝ። ወላሂ እንዲህ ነው ያለኝ። ስልኩ የኔ ነው፣ ደውልበት አልኩት። «ስልክ ሰው አይሆንም፣ ከላኪው ደብዳቤ አምጣ»። ካርቶኑ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ይታየኛል። ስሜ በማርከር ተጽፎበታል። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን እሱ የለም፤ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ደረሰኙን አየች፣ ካርቶኑን ሰጠችኝ። ግማሽ ደቂቃም አልፈጀም።

ሁለተኛውን ጊዜ የሠሩልኝ እዚሁ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ መጡ። ቡና ተፈልቶ አቦሉን እስኪጠጡ ሞተሩን አልነኩም፤ ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ «የሚስትህን የጥፍር ቀለም አምጣ» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት?» አልኩ። «የሚታይ» አሉ። ደማቅ ቀይ አመጣሁ። ሦስቱንም ማርክ በጨርቅ ጠርገው በቀይ ነኩት። ቺንጋው ላይም በየማርኩ ትክክል ጥርሱን ቀቡ። ከዚያ ወዲያ መገመት የለም፤ ቀይ ከቀይ ጋር ይገጥማል ወይ አይገጥምም።

ካምሻፍቱን አስቀድመው ማርኩ ላይ አቆሙት። ክራንኩን ከሩብ ዙሩ ወደ ጫፉ የመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። ቺንጋውን ሲያስገቡ ከመወጠሪያው ተቃራኒ ያለው ጎን ምንም እንዳይላላ እየጎተቱ፣ ላላው ሁሉ ወደ መወጠሪያው በኩል እንዲሰበሰብ አደረጉ። የካምሻፍቱን ጊር እኔ በቁልፍ እንድይዝ አዘዙኝ። «ብታስነጥስ እንኳ እንዳትለቅ» አሉ። መወጠሪያውን ሲለቁ ስፕሪንጉ ራሱ ወጠረው። የፊተኛው ልጅ በካቻቢቴ ነበር የገፋው። ይሄ አያስፈልግም፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታውን ይጨርሳል።

አሁን ዋናው ነገር። ሞተሪኖ አልነኩም። በክራንኩ ቡሎን ላይ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ገጥመው፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ቀስ ብለው ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩት። ለምን ሁለት? ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ነው የሚዞረው። ሁለት ዙር ካልሞላህ ሁሉም ቫልቭ ተራው አይደርሰውም። በመሃል ከያዘ ቁም። ጉልበት አትጨምር። ወደ ኋላ መልሰህ ፈልገው። በእጅ ሲነካ ቫልቩ አይጎዳም፤ በሞተሪኖ ሲነካ የኔን ታሪክ ትጽፋለህ።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥህ። ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ ቺንጋው ላይ የቀባኸው ቀለም ከማርኮቹ ጋር አይገጥምም። ቺንጋው ራሱ ሙሉ ዙር ጨርሶ ቦታው ስላልተመለሰ ነው። እኔ ይሄን ሳይ ልቤ ቆሞ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። የምታየው የሦስቱን ጊር ማርክ ብቻ ነው፤ እነሱ ከገጠሙ ገጥሟል።

ፖምፓውን መጨረሻ ላይ በዲያል ጌጅ፣ ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ መለኪያ፣ አስለካው። የፖምፓው ማርክ ገጠመ ማለት መርፌ የሚያክል ስህተት የለም ማለት አይደለም። ከዘገየ ነጭ ጭስ ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ከቀደመ ደግሞ ድንጋይ እንደሚፈጭ ወፍጮ ያንኳኳል። አንተ ጋ ዲያል ጌጅ ያለው ሰው ካጣህ ደሴ ድረስ ብትመጣም አያከስርህም።

ሲነሳ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሥራ፤ ዘይቱ ላይ ይድረስ። እኔ ብሆን መርሳ ደርሼ እመለስና ፓራኦሊው አካባቢ ዘይት እንዳለ አያለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን፣ ቺንጋ መቀየሪያው ሲደርስ የምትበራውን የ«ቲ-ቤልት» መብራትም አስፈትሽ። የኔን መኪና ከኔ በፊት የያዘው ሰው አምፖሏን ነቅሎ ጥሏታል፤ አንድ ቀን ሳትበራ ኖረች። አሁን ቺንጋ የቀየርኩበትን ኪሎ ሜትር ክዳኑ ላይ በማርከር እጽፋለሁ። ብዙ ሰው 100,000 ላይ ይቀይራል። ሀረጎን የሚወጣ መኪና ነውና እኔ 80,000 ላይ እቀይራለሁ። ያ ሞተር እስከ ዛሬ ቴስታታው አልወረደም፤ ከነጭነቱ 3ኛ ማርሽ ላይ ሲወጣ የሚያዩኝ ሾፌሮች «ምን አስገብተህበት ነው?» ይሉኛል። የጥፍር ቀለም ነው እላቸዋለሁ።

ቺንጋውን ገና ካልገዛህ ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ሶማሌ ተራ ያለውን ልጅ አስጠይቅልሃለሁ። በአውቶቡስ ሲላክ ግን ስምህን መታወቂያህ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል አስጽፍ።