የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቆዩ የጉዞ ሞተርሳይክሎች በፍጥነት ላይ ሲርገፈገፉና ሲዋልሉ

ጥያቄ፦ የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለ ሁለት ሲሊንደር የጉዞ ሞተርሳይክል አለኝ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጋዙን ለቅቄ ፍጥነቱ ወደ 75 ሲወርድ ግን መሪው ግራና ቀኝ ይርገፈገፋል፤ ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ይተዋል። የፊት ጎማውን በአዲስ ለወጥኩት፤ ተሻለ እንጂ አልጠፋም። ቀጥሎ ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ፍጥነቱንና ጋዙ የሚለቀቅበትን ጊዜ መጥቀስዎ ሥራውን አቅልሎልናል። ሞተርሳይክል በሁለት ዓይነት መንገድ ይናወጣል። በእርስዎ ላይ የደረሰው መሪውና የፊት ጎማው ብቻ በሰከንድ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ያህል የሚርገፈገፉበት ነው፤ ሌላው አካል እምብዛም አይነቃነቅም። ሌላው ደግሞ ከኋላ ጎማ እስከ መሪ ሙሉው ሞተርሳይክል በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ቀስ እያለ የሚዋልልበት ነው፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ከ120 በላይ ይመጣል፣ ፍጥነት ሲጨምርም ይብሳል። መርገፍገፉን ከፊት፣ መዋለሉን ከኋላ መፈለግ ይጀምሩ። ሁለቱን ያምታታ ሰው ደህናውን ዕቃ እየለወጠ የተበላሸውን ይተወዋል።

አዲስ ጎማ ነገሩን ማሻሻሉ ይጠበቃል። ዳርና ዳሩ ጉድብ ጉድብ እያለ ያለቀ የፊት ጎማ ለእንዲህ ያለ መርገፍገፍ ቀዳሚው ምክንያት ነው። ሆኖም ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ቀስቃሽ እንጂ ብቸኛ ጥፋተኛ አይደለም፤ የላላ የመሪ አንገት ኩሽኔታ ካለ ትንሹን ግፊት ያጎላዋል። ቀጣዩ ፍተሻዎ እሱ ይሁን።

ሞተርሳይክሉን በመሃል መቆሚያው ያቁሙ። ከኢንጂኑ ስር ጣውላ አድርገው በጃክ ያንሱና የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። የመሪ ዳምፐር (የመሪውን መርገፍገፍ የሚያፍን ባለ ዘይት ዕቃ) ካለው ይፍቱት፤ መሪውን የሚጎትቱ ኬብሎችንም ያላሉ። የፎርኩን፣ ማለትም የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ፣ ሁለት እግሮች ከታች ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ፣ ይሳቡ። ረዳት ካለ በመሪው አንገትና በታችኛው የፎርክ መያዣ መጋጠሚያ ላይ ጣቱን ያሳርፍ፤ እዚያ ኳ የሚል ነገር ከተሰማው ኩሽኔታው ልል ነው። እንቅስቃሴው የሚሰማው ዝቅ ብሎ፣ የፎርኩ ቱቦ ወደ እግሩ በሚገባበት ቦታ ከሆነ ግን ያለቀው የፎርኩ ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) ነው፤ የአንገቱን ዳዶ ቢያጠብቁ ለውጥ አያገኙም።

ቀጥሎ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በሁለት ጣት ቀስ ብለው ያዙሩት። መሃል ላይ ሲደርስ የሚገባበት ጎድጓዳ ያለ ያህል ያዝ ካደረገ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት የኩሽኔታው መንገድ ተበልቷል። ለዓመታት ቀጥ ብሎ ሲነዳ የመንገዱ ምት ሁሉ ያረፈው እዚያች ቦታ ላይ ነውና። ይህን ማጥበቅ አያድነውም፤ የላዩም የታችኛውም ኩሽኔታ ከነመንገዳቸው ይለወጡ። የፋብሪካ ልቅ ኳሶች ባሉባቸው ሞተሮች ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ቢገባላቸው ጥሩ ነው፤ ሸክሙን በሰፊ ገጽ ላይ ያሰራጫል።

ሲያጠብቁ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ የታችኛው መያዣ ፎርኩን የጨበጠባቸው ብሎኖች ካልላሉ ማስተካከያው ዳዶ በከንቱ ይዞራል፤ ቱቦዎቹ መያዣዎቹን ቀጥ አድርገው ስለያዙ ጥብቀቱ ኩሽኔታው ጋ አይደርስም። የላይኛውን ትልቅ ዳዶና እነዚህን ብሎኖች ያላሉ፤ ማስተካከያውን በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር ሳያልፉ እያጠበቁ ልቅነቱ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ያቁሙ። የላይኛውን ዳዶ ወደ ልኩ መልሰው ያጥብቁ፤ ከዚያ እንደገና ይለኩ፤ እሱን ማጥበቅ ብቻውን ኩሽኔታውን ተጨማሪ ይጫነዋልና። ልኩ ከሆነ መሪውን ከመሃል ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት በራሱ ክብደት፣ ሳይደናቀፍ፣ እስከ ዳር ይወርዳል። ግፊት ከፈለገ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ እንዲህ ያለው ሞተር በዝግታ ሲነዳ ቀጥ ማለት እምቢ ይልና ነጂው ያለማቋረጥ እንዲያርመው ያስገድደዋል። ከልክ ያለፈ ጥብቀት እንደ ልልነቱ ሁሉ ችግር መሆኑን የሚያስታውስ መካኒክ ጥቂት ነው። አዲስ ሾጣጣ ኩሽኔታ ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ስለሚላላ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ደግመው ይፈትሹት።

አንገቱ ደህና ከሆነ ወደ አዲሱ ጎማ ይመለሱ። በጎማው ጎን፣ ከቸርኬው ጠርዝ ከፍ ብላ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። ከቸርኬው ያላት ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። በአንድ በኩል ከጠለቀች ጎማው አልተቀመጠም፤ ነፋሱን አውጥተው፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሰው እንደገና ይንፉት። ባላንሱን በፐርኖው (ጎማው በሚዞርበት ዘንግ) ላይ በነፃ በማሽከርከር ይዩ፤ የፍሬኑ ሸራ እንዳይዘው ካሊፐሩን ያውጡ። ከባዱ ጎን ወደ ታች ይወርዳል፤ በተቃራኒው 5፣ 5 ግራም እየጨመሩ የትም ቦታ የሚቆም ያድርጉት። ከ60 ግራም በላይ ከጠየቀ ችግሩን በክብደት አይሸፍኑት፤ የጎማውን አቀማመጥ ወይም የቸርኬውን መጣመም ይፈትሹ። የቸርኬ ጠርዝ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከዋለለ ሊስተካከል ይገባል። የሽቦ ቸርኬ ከሆነ እያንዳንዱን ሽቦ በትንሽ ቁልፍ መታ መታ ያድርጉ፤ ከሌሎቹ የደነዘዘ ድምፅ የሚሰጠው ላልቷል።

ጎማውን ሲመልሱ የፐርኖውን ዳዶ ያጥብቁ፤ ፐርኖውን ከጎን የሚጨብጠውን ብሎን ግን ገና አይንኩ። ሞተርሳይክሉን ከመቆሚያው አውርደው የፊት ፍሬኑን እንደያዙ ፎርኩን አራት አምስት ጊዜ ይጫኑት፤ ሁለቱ እግሮች ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ብሎኑ የሚጠብቀው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ከተዘለለ ፎርኩ ተጣሞ ይታሰራል፤ ለትንሽ ጉብታም አይታዘዝም።

ጥያቄ፦ ባዶውን ሲሆን 140 ድረስ ምንም አይለውም። ሁለት የጎን ሻንጣና 12 ኪሎ ገደማ የያዘ የኋላ ሣጥን ስጭንበት ከ120 ጀምሮ ኋላው ይዋልላል። የመሪ አንገቱ ተፈትሿል፤ ደህና ነው። ሻሲው ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ሻሲውን ከመጠርጠርዎ በፊት ሂሳቡን ይሥሩ። በሁለቱ ጎማዎች ፐርኖ መካከል ያለው ርቀት 150 ሴንቲ ሜትር፣ የሣጥኑ መሃል ደግሞ ከኋላ ፐርኖ 35 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው ብንል፣ 12 ኪሎው ከፊት ጎማ ላይ 2.8 ኪሎ ያነሳል፤ የኋላው ጎማ 14.8 ኪሎ ይጨመርበታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው፦ ክብደት ከሞተርሳይክሉ መሃል በራቀ ቁጥር የመወዛወዝ ጉልበቱ በርቀቱ ካሬ ያድጋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የኋላ ሣጥን እንደ በር ማንኳኪያ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያንኑ ውዝዋዜ ይመግበዋል።

ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ልብስና የዝናብ ካፖርት ብቻ፣ ቢበዛ 5 ኪሎ ይግባ። መሣሪያ፣ ውሃና ምግብ በጎን ሻንጣዎቹ የታችኛውና የፊተኛው ክፍል ይቀመጡ፤ ግራና ቀኙም በክብደት ይመጣጠኑ። ከባዱ ነገር በታንኩ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ብዙ የሻንጣ ሠሪዎች ክዳኑ ውስጥ 120 ወይም 130 የሚል የፍጥነት ገደብ ይለጥፋሉ፤ ለጌጥ አይደለም።

ጭነቱን አስተካክለው አሁንም ከዋለለ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። የጎማ ነፋስ፦ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመመሪያው ላይ ለሁለት ሰውና ለሻንጣ በተጻፈው ልክ። በእንዲህ ያሉ የቆዩ ሞተሮች የኋላው ብዙ ጊዜ ወደ 2.8 ባር፣ ማለትም 40 ፒኤስአይ ይጠጋል። የኋላ ጎማው መሃል ለጥ ብሎ ካለቀ ጥርስ ቢኖረውም ይለወጥ። በጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሞርዛተር፦ ኋላውን ተጭነው ሲለቁት ተመልሶ መቆም አለበት፤ ደጋግሞ ከዘለለ ዘይቱ አልቋል፤ ሞላውን ማጥበቅ ከፍታ ይሰጣል እንጂ ውዝዋዜ አይገታም።

የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ከሻሲው ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። የኋላ ጎማውን አንስተው፣ አሞርዛተሮቹን ፈትተው፣ ክንዱን ከጫፉ ይዘው ግራና ቀኝ ይግፉት። በእጅ የሚሰማ ልቅነት በፍፁም አይፈቀድም፤ በመገጣጠሚያው ላይ ያለ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጎማው ጋ ሲደርስ ተባዝቶ ነው። በ1969 የወጣው የሆንዳ ሲቢ 750 መገጣጠሚያ ከፋይበር በተሠራ ቡሽ ላይ ነው የሚዞረው፤ በነሐስ ቡሽ መለወጥ የቆየ መፍትሔ ነው፤ ግራሶ ግን ሳይቋረጥ ይሰጠው። በቢኤምደብሊው ባለ ካርዳን (በሰንሰለት ፈንታ በዘንግ የሚነዱ) ሞተሮች ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ነው ያለው፤ ሲገጠም በክንዱና በሻሲው መካከል ያለው ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የኋላ ጎማው ከፊተኛው መስመር ይወጣል። ይኸው ፋብሪካ ስላሽ 5 የሚባሉትን ሞተሮቹን የኋላ ክንድ በ1973 በ50 ሚሊ ሜትር ያስረዘመው ለቀጥተኛ አካሄድ ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ መርገፍገፉን ለማጥፋት የመሪ ዳምፐር ብገጥምስ?

መልስ፦ መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይሆንም። እንግሊዛዊው ሮቢን ሻርፕ በ1971 ባሳተመው ጥናት የሞተርሳይክልን መርገፍገፍና መዋለል በሂሳብ ለይቶ ሲያሳይ፣ ዳምፐር መርገፍገፉን እንደሚያፍነው፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚመጣውን መዋለል ግን ሊያባብሰው እንደሚችል ታይቷል። የላላ ኩሽኔታ ላይ የተገጠመ ዳምፐር ደግሞ ብልሽቱን ይደብቃል፤ ዘይቱ ያለቀ ዕለት ሁሉም ነገር ከነቅሪቱ ይመለሳል። ፋብሪካው ራሱ ገጥሞት የመጣ ከሆነ ጤንነቱን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ በመሪው ላይ የታሰረ ረጅም የንፋስ መስታወት ለዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አዎ። በመሪው ላይ ያረፈ ነፋስ ሁሉ መሪውን ይገፋል፤ ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና የሚያናውጠው አየር ሲመታው ደግሞ ይብሳል። በ1976 የወጣው የቢኤምደብሊው አር 100 አርኤስ መከላከያውን ከመሪው ነጥሎ በሻሲው ላይ ማሰሩ ትልቅ እርምጃ የተባለው ለዚህ ነው። ፈተናው ነፃ ነው፦ መስታወቱን ፈትተው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ይንዱ።

ጥያቄ፦ ኋላውን ከፍ ለማድረግ 25 ሚሊ ሜትር የሚረዝም አሞርዛተር ገዛሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ኋላው በዚህ ያህል ሲነሳ የመሪው አንገት ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይቆማል፤ የፊት ጎማው ከመሪው መስመር ኋላ ቀርቶ መሬት የሚነካበት ርቀትም ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ያ ርቀት ነው። የፎርኩን ቱቦ በመያዣው ውስጥ ወደ ላይ ማውጣትም ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው መርገፍገፍን በገዛ እጁ ጠራ ማለት ነው። የፋብሪካውን ርዝመት ይመልሱ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ድንገት ቢጀምረኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መሪውን በኃይል አይጨብጡ፤ የእጅዎ ጡንቻ ውዝዋዜውን ያቀብለዋል። ታንኩን በጉልበቶችዎ ይያዙ፣ ደረትዎን ወደ ታንኩ ዝቅ ያድርጉ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ነፋሱም ይቀንሳል። ጋዙን በአንድ ጊዜ አይዝጉ፤ ቀስ እያሉ ይልቀቁት። የፊት ፍሬን አይንኩ። መቀነስ ግድ ከሆነ የኋላውን በለስላሳው ይጠቀሙ። ጋዝ ጨምሮ ማለፍ የሚለውን ምክር አይከተሉ፦ መርገፍገፍ ላይ አንዳንዴ ሊሠራ ይችላል፣ መዋለል ላይ ግን በእርግጠኝነት ያባብሰዋል፤ በዚያች ቅጽበት የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጊዜ አይኖርዎትም። ቆመው ሲፈትሹ መጀመሪያ የጎማውን ነፋስና የሻንጣውን ማሰሪያ ይዩ፤ በጉዞ መሃል ድንገት የሚጀምር ውዝዋዜ ብዙ ጊዜ ከቀዳዳ ጎማ ወይም ከተፈታ ጭነት ይመጣል።