ስትፈሩ መጀመሪያ ወዴት ትሮጣላችሁ?

ስለ ዘመኑ ጣዖታት፣ ማለትም ልባችን ከእግዚአብሔር ይልቅ ስለሚደገፍባቸው ነገሮች፣ ከጻፍኩ ወዲህ ከወሎ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ጥቂቶቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ቤቲንግ እጫወታለሁ። ቲኬት የምቆርጠው አማትቤ ነው፤ ካሸነፍኩም አሥራት አወጣለሁ። ይሄም ጣዖት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሁድ ቅዳሴ ላይ ቆመህ እጅህ ኪስህ ውስጥ ያለችውን ቲኬት ይዳብሳል? ቅዳሜ ማታ የተበላኸውን ብር እያሰላህ ነው “እግዚኦ ተሠሃለነ” የምትለው? እንግዲያው መልሱን ታውቀዋለህ። ጌታችን ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ መገዛት አትችሉም ያለው (ማቴ. 6፥24) ለሀብታም ብቻ አይደለም። ሃምሳ ብር ይዞ የሚያድርም ይገዛለታል። አሥራቱ ነገሩን አያነጻውም። ዛሬውኑ ተው። ብቻህን ካቃተህ ለንስሐ አባትህ ንገር፤ የምታምነው ጓደኛህ ፊትም መተግበሪያውን ከስልክህ አጥፋው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ልጄ ዓረብ አገር ናት። ካልደወለች እህል አልቀምስም። ጎረቤቴ “ልጅሽን አመለክሻት” አለችኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ጎረቤትዎ የቸኮሉ ይመስለኛል። ልጅ መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። ግን “እሷን ካጣሁ እግዚአብሔርንም አልፈልግም” ብለው የጻፉት አስጨንቆኛል።

ሐናን ያስቧት። ልጅ አጥታ በእግዚአብሔር ቤት በሴሎ አለቀሰች፤ ሳሙኤልን አገኘች፤ ጡት ሲጥል ወስዳ ለእግዚአብሔር ሰጠችው። ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር ይላል (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። እዚህ ጥቅስ ላይ ስደርስ ሁሌም ቆም እላለሁ። ልጁ ከእሷ ርቆ እያደገ ነው፤ ዘንድሮ ምን ያህል እንደረዘመ በግምት ነው የምትሰፋው። ሰጥታዋለች፤ መውደዷን ግን አልተወችም።

እርስዎም ማታ ሲጸልዩ ስሟን ጠርተው ለእግዚአብሔር አደራ ይስጧት። በማግስቱ ሥጋቱ ከተመለሰ ደግመው ይስጧት። እህልዎን ግን ይብሉ፤ ልጅዎ ስትደውል ጤነኛ እናት ነው የምትፈልገው። እግረ መንገዴን ለሌሎች ወላጆችም ልናገር፦ ልጅ ስትደውል “መቼ ነው የምትልኪው?” ከማለት በፊት “እንዴት ነሽ?” በሏት። ልጅን የተስፋችን ሁሉ ተሸካሚ ማድረግ እሷንም ይጎዳታል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በ2014ቱ ጦርነት ሱቄ ባዶ ቀረ። አሁን ትንሽ ቆጥቤያለሁ። አንድ ሰው ግን ገንዘብ ማስቀመጥ አለማመን ነው አለኝ።

መልስ፦ አይደለም፤ ይቆጥቡ። የ1977ቱን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው ለክፉ ቀን ማስቀመጥን አይንቅም። ዮሴፍም በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ ሕዝብ አትርፏል። በሉቃስ 12 ያለው፣ እህሉን ለራሱ ብቻ ያከማቸው ባለጠጋም ጎተራ ነበረው። ዮሴፍ ጎተራውን ለተራበ ከፈተ። ባለጠጋው ግን የሚያወራው ከገዛ ነፍሱ ጋር ብቻ ነው፤ በሐሳቡ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ጎረቤት ሲቸገር እጅዎ የሚፈታ ከሆነ አይጨነቁ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አማቴ በየዓመቱ ለቤቱ ውቃቢ ገብስማ ዶሮ ያሳርዳሉ። እምቢ ካልኩ ልጆቼ ይታመሙብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ እንዳትተባበሪ። ፍርሃትሽን ግን አልንቀውም። እስራኤል የወርቁን ጥጃ ያሠሩት ሙሴ ከተራራው ሲዘገይባቸው ነው (ዘጸ. 32)። የማይታይ አምላክን መጠበቅ ከበዳቸው፤ ዓይናቸው የሚያየው ነገር ፈለጉ። አብዛኛው ጣዖት የሚሠራው እንዲህ በጭንቅ ሰዓት ይመስለኛል። አንቺ ካህን ጠርተሽ ቤቱን ጸበል አስረጪ። ልጆቹ ከታመሙ ጸበሉም አለ፣ ጤና ጣቢያም ውሰጃቸው። አማትሽን አታዋርጂ፤ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አብረሻቸው ጠጪ። ስለ ዶሮው ባልሽ ራሱ እናቱን ያነጋግር። አንቺ ብቻሽን የምትሸከሚው ነገር አይደለም።

ጥያቄ (ከአምባሰል)፦ ለግሸን ማርያም ተስዬ ያሰብኩት አልሆነም። ዘንድሮ መስከረም 21 ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ሂጂ። ስለት ከሆነልን የምንከፍለው ምስጋና ነው፤ ወደ እመቤታችን መሄድ ግን ያሰብነው በመሆኑ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። የመቀጮና የውል ነገር ካደረግነው፣ የምናምነው የጠየቅነውን ነገር እንጂ ሰጪውን አይደለም። ሠለስቱ ደቂቅ፣ ንጉሥ ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል አንሰግድም ያሉት ሦስቱ ወጣቶች፣ እሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነን እንኳ ለምስሉ አንሰግድም ብለው ጨመሩ (ዳን. 3፥17-18)። ያን ጊዜ ገና አልዳኑም ነበር። አንቺም ያልሆነልሽን ይዘሽ ውጪ፤ ማዘንሽንም ሳትደብቂ ለእመቤታችን ንገሪያት።