መልስ፦ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ ስትነዳ ከሽኒሌ በኋላ የስልክህ ካርታ ባዶ ለሚሆንብህ

የጠፋው ጂፒኤሱ (ያለህበትን ቦታ ከሳተላይት ምልክት የሚያሳውቅህ) ሳይሆን የካርታው ምስል ነው። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ምልክቱን በነፃ ይለቁታል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ምስሉን ግን ስልክህ በኔትወርክ ነው የሚያመጣው።

1. ድሬ ሳለህ፣ ዋይፋይ ባለበት፣ ጉግል ማፕስ ላይ የፕሮፋይልህን ምስል ነክተህ ከመስመር ውጭ ካርታዎች ውስጥ ግባ።
2. እስከ ደወሌ ያለውን በሳጥኑ ከበህ አውርድ።

ግን ጂፒኤሱን ሙሉ በሙሉ አትመነው። ምልክቱ ምድር ሲደርስ በጣም ደካማ ስለሆነ ትንሽ ማወኪያ መሣሪያ ይሸፍነዋል። ሰማያዊዋ ነጥብ ከአስፋልቱ ወጥታ ከዘለለች አትከተላት። እኔ ሽኒሌ፣ አይሻ፣ ደወሌ ብዬ ተራውን በወረቀት ጽፌ መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ ረዳቴ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። «ደውዬ እጠይቃለሁ» እንዳትል፦ ብዙ የስልክ ማማዎችም ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በዚያው በጂፒኤስ ስለሆነ፣ ምልክቱ ሲታወክ ስልኩም ሊያስቸግርህ ይችላል።